ከስካንክ የተወለደ ላቬንደር፦ የመዓዛው ባለቤት ማን ነው?

ድንብላል በሙቀጫ ሲወቀጥ፣ ገና ሳይደቅ፣ ከሌላው ሽታ ቀድሞ አፍንጫ የሚደርስ አበባ አበባ የሚል ነገር አለው። ኬሚስቶች ሊናሉል ይሉታል። ከድንብላል ፍሬ ዘይት ከግማሽ በላይ የሚሆነው እሱ ነው፤ በቡና መዓዛ ውስጥም አለበት፤ ላቬንደር የተባለው ሐምራዊ አበባም ያለ እሱ ያን ሽታውን አያገኝም። ይኸው ውህድ ዛሬ በሰሜን አሜሪካ ሕጋዊ በሆነው የካናቢስ ገበያ ብዙ ገንዘብና ብዙ ክርክር ያንቀሳቅሳል። የአበባ መዓዛ ያላቸው ድቅል ዝርያዎች ተፈላጊ ሆነዋል፤ ስማቸው ከኬክ፣ ከፍራፍሬና ከአበባ ይወሰዳል፤ ገዢም ማሰሮውን ከፍቶ አሽትቶ ይመርጣል።

ከእነዚህ ድቅሎች አንዱ በቀጥታ «ላቬንደር» ተብሎ ይጠራል። ያወጣው በአምስተርዳም ስም ያተረፈው ሶማ ሲድስ የተባለ የዘር አዳቃይ ነው። ተክሉ ሲበስል ቅጠሉና አበባው ወደ ጥቁር ሐምራዊ ያደላል፤ መዓዛውም የአበባና የቅመም ድብልቅ ነው ይባልለታል። የዘር ሐረጉን ስንመለከት ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። አዳቃዩ እንደሚገልጸው ወላጆቹ ሱፐር ስካንክ፣ ቢግ ስካንክ ኮሪያንና አፍጋኒ ሐዋያን ናቸው። ስካንክ ሲደነግጥ የሚገማ ፈሳሽ የሚረጭ የአሜሪካ አውሬ ነው፤ ስሙም ለእነዚያ ዝርያዎች የተሰጠው ከሽታቸው ክብደት የተነሣ ነው። የአበባ ስም የያዘው ልጅ የተወለደው በግማታቸው ከታወቁ ወላጆች ነው። ከኋላቸው ደግሞ የአፍጋኒስታን ተራራ፣ የኮሪያ እርሻና የሐዋይ ደሴት ቆመዋል።

ይህ የዘር ሐረግ አንድ ጥያቄ ያስነሳል። እንዲህ ያለ መዓዛ የማን ሥራ ነው? ሁለቱን ተክሎች ያገናኘው አዳቃይ ነው? አበባውን አድርቆ ያበሰለው አምራች ነው? ወይስ ዘሩን ለብዙ መቶ ዓመታት እየመረጠ ያቆየው ስሙ ያልተጻፈ ገበሬ? የእኔ መልስ ግልጽ ነው። መዓዛ በዘር፣ በሥፍራና በእጅ ሥራ የሚሠራ ቅርስ ነው፤ የዛሬው ገበያ ግን ለስምና ለመቶኛ ቁጥር እየከፈለ ሦስቱንም እየረሳ ነው። ካናቢስ በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 የተከለከለ ነው፤ ያንን ለመሟገት አልተነሣሁም። የተነሣሁት በዚህ ተክል ላይ የደረሰው ነገር በቡናችንና በጤፋችን ላይ የደረሰውን ስለሚመስልና ትምህርቱ እንዲያመልጠን ስለማልፈልግ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሽታው ከየት ይመጣል?

የሴቴዋን ካናቢስ አበባ በአጉሊ መነጽር ያየ ሰው ጤዛ ያረፈበት ይመስለዋል። ጤዛ የሚመስሉት ትራይኮም የሚባሉ ጥቃቅን የሙጫ ከረጢቶች ናቸው። የሚያሰክረው ንጥረ ነገር ቲኤችሲም፣ መዓዛ የሚሰጡት ተርፒኖችም የሚሠሩት እዚያ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ቲኤችሲ ራሱ ሽታ የለውም። ስለዚህ የሽታ ክብደት የስካር ክብደትን አይናገርም፤ ለስላሳ የአበባ መዓዛ ያለው አበባ ከሚገማው የበለጠ ኃይለኛ ሊሆን ይችላል።

ተርፒኖቹ ለእኛ እንግዳ አይደሉም። ሊሞኒን በሎሚና በብርቱካን ልጣጭ፣ ፓይኒን በጥድ፣ ካሪዮፊሊን በቁንዶ በርበሬና በቅርንፉድ ውስጥ አሉ። በካናቢስ ብዙ ጊዜ ገኖ የሚገኘው ማይርሲን ነው፤ እሱም የምድርና የዕፅ ሽታ ይሰጣል። ሊናሉል ግን ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀው አበባ ክብደት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሆኖም አፍንጫ ለእሱ ስሱ ስለሆነ ትንሹ ብዙ ይናገራል። አዳቃዮች «አበባማ» የሚሉት ዝርያ ሊናሉል ከሌሎቹ ጋር ተመጣጥኖ የሚሰማበት ነው። ወጥ በአንድ ቅመም እንደማይጣፍጥ ሁሉ አበባማ መዓዛም በአንድ ውህድ አይቆምም።

ያለፉት ጥቂት ዓመታት ምርምር ደግሞ ጉዳዩን የበለጠ አወሳስቦታል። በ2021 የታተመ ጥናት ካናቢስን ስካንክ የሚያስመስለው ሽታ ከተርፒን የሚመጣ አለመሆኑን አሳየ፤ ምንጩ ድኝ ያለባቸው፣ በኢምንት መጠን የሚገኙ ውህዶች ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣ ሌላ ጥናት ተርፒናቸው የሚመሳሰል ዝርያዎች እንኳ ሽታቸው የሚለያየው በእንዲህ ያሉ ጥቃቅን ውህዶች እንደሆነ አመለከተ። ከእነዚህ አንዱ ስካቶል ነው፤ በብዛት ሲሆን ይከረፋል፣ በጥቂቱ ግን በጃስሚን አበባ ውስጥ ይገኛል። በመልካም ሽታና በግማት መካከል ያለው ድንበር የመጠን ጉዳይ ነው ማለት ነው። ላቬንደር ከስካንክ መወለዱ እንግዲህ ተአምር አይደለም። አዳቃዩ አንዱን ዝቅ፣ ሌላውን ከፍ የሚያደርግ ልጅ እስኪያገኝ ድረስ በትዕግሥት መርጧል። የመረጠው ግን ከነበረው ነው፤ ያልነበረ መዓዛ አልፈጠረም።

ዘሩ የተጓዘበት መንገድ

በ2021 የ110 ካናቢስ ዘረመሎችን የመረመረ ሥራ ተክሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የተላመደው ከ12,000 ዓመታት ገደማ በፊት በምሥራቅ እስያ መሆኑን አመልክቷል። ከዚያ በሰው እጅ ወደ ሂንዱ ኩሽ ተራሮች፣ ወደ ሕንድ፣ ወደ አፍሪካና ኋላም ወደ ላቲን አሜሪካ ተጓዘ። የእኛ ምድርም ከመንገዱ ውጪ አልነበረም። በጣና ሐይቅ ምሥራቅ፣ በቀድሞው በጌምድር ግዛት፣ ላሊበላ ዋሻ በተባለ ሥፍራ በተደረገ ቁፋሮ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የነበሩ የሸክላ ጋያ ራሶች ተገኝተው በውስጣቸው የካናቢስ ቅሪት ተለይቷል። በአፍሪካ ስለ ካናቢስ ማጨስ ከሚጠቀሱት ጥንታዊ ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው።

ተክሉ በደረሰበት ሁሉ አገሬውን መሰለ። ካናቢስ የሚያብበው ሌሊቱ ሲረዝም ነው። ክረምቱ ፈጥኖ በሚመጣበት በሂንዱ ኩሽ የሚበቅለው አጭርና ደንዳና ሆኖ በሁለት ወር ገደማ አበባውን ይጨርሳል፤ ብርድ ሳይቀድመው መቸኮል ስላለበት ነው። ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ በሆነበት የምድር ወገብ አካባቢ ያለው ደግሞ ረጅምና ቀጭን ሆኖ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ያብባል። ይህን ልዩነት ያመጡት አየሩ፣ አፈሩና ከዓመት ዓመት የተሻለውን ዘር ለይቶ ያስቀመጠው ገበሬ ናቸው።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የተነሡ ወጣት ተጓዦች ከእነዚህ ሁሉ አገሮች ዘር በኪሳቸው ይዘው ተመለሱ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከአፍጋኒስታን፣ ከሜክሲኮና ከኮሎምቢያ የመጡ ነባር ዝርያዎች ተዳቅለው «ስካንክ ቁጥር 1» ተወለደ። በ1980ዎቹ ወደ ኔዘርላንድስ ተሻገረ፤ በ1988 በአምስተርዳም የተካሄደውን የመጀመሪያውን የካናቢስ ዋንጫ ውድድርም አሸነፈ። ዛሬ በመደብር የሚሸጡት አብዛኞቹ ድቅሎች ከዚያ ዘመን ጥቂት ወላጆች የተዋለዱ ናቸው። ለዚህም ነው ስማቸው በመቶ የሚቆጠር ሆኖ ደማቸው አንድ የሚመስለው።

የስም ነገር ከተነሣ፣ ገበያው ዝርያዎቹን «ሳቲቫ»፣ «ኢንዲካ» እና «ድቅል» ብሎ ይከፍላል። ስሞቹ የተገኙት ካርል ሊኔየስ በ1753፣ ዣን ባፕቲስት ላማርክ ደግሞ በ1785 ከሰጧቸው ሳይንሳዊ ስያሜዎች ነው። ነገር ግን በ2015 በካናዳ ተመራማሪዎች የታተመ የዘረመል ጥናት መቶ በመቶ ሳቲቫ ነው የተባለ የጃማይካ ናሙና መቶ በመቶ ኢንዲካ ነው ከተባለ የአፍጋኒስታን ናሙና ጋር አንድ ዓይነት ሊባል እስኪቃረብ ድረስ ተመሳስሎ አገኘው። በ2021 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ እነዚህ ስያሜዎች በዘር ልዩነት ላይ እንዳልቆሙ፣ ከጥቂት የሽታ ውህዶች ጋር ግን እንደሚያያዙ አሳየ። ሰዎች ለዘመናት ዘር ለየን ሲሉ በአፍንጫቸው ሽታ እየለዩ ነበር። በአሜሪካ ከ30 ስሞች ናሙና ሰብስቦ የመረመረ ሌላ ሥራም በ27ቱ ስሞች ሥር ቢያንስ አንድ ከሌሎቹ ጋር የማይዛመድ ናሙና አግኝቷል። በእኛም ቋንቋ ስሙ ጠርቶ አልተቀመጠም፤ ዕፀ ፋርስ ሲባል አንዱ ካናቢስን ሲያስብ ሌላው አስተናግርን ያስባል፤ ሁለቱ ግን የማይዛመዱ ዕፅዋት ናቸው።

መዓዛን የሚያተርፈው እጅ

ድቅል ዝርያ ከዘር ሲበቅል ልጆቹ አይመሳሰሉም። ከአንድ ጎመን ዘር አንድ ዓይነት ጎመን ለሚጠብቅ ሰው ይህ ያስገርማል፤ ነገር ግን ወላጆቹ ራሳቸው የብዙ ድቅሎች ድቅል ስለሆኑ አንዱ ልጅ ወደ አፍጋኒስታኑ አያቱ፣ ሌላው ወደ ሜክሲኮው ያደላል። ስለዚህ አዳቃዩ ብዙ ዘር ዘርቶ፣ ወንዴዎቹን ለይቶ፣ ሴቴዎቹን አንድ በአንድ እያሸተተ የፈለገውን መዓዛ የያዘችውን አንዲት ተክል ይፈልጋል። ስትገኝ «እናት» ትባላለች። ሳታብብ በረጅም ብርሃን ትያዝና ከእሷ ቁራጭ እየተወሰደ ይተከላል፤ ቁራጩ በዘረመል ራሷ ናት።

ይህ መንገድ መዓዛውን ያጸናል፤ አደጋም አለው። አንድ ዓይነት ዘር ያለበት ማሳ በአንድ በሽታ ይወድቃል። ሆፕ ሌተንት ቫይሮይድ የተባለው ተዋሲ በ2019 በካሊፎርኒያ ካናቢስ ላይ መገኘቱ ተዘገበ። የተያዘች እናት ከላይ ጤነኛ ትመስላለች፤ ቁራጮቿ ግን ይቀጭጫሉ፣ ሙጫቸው ይሳሳል፣ መዓዛቸው ይጠፋል። ገበሬው ዝርያው «ደከመ» ይል የነበረው አንዳንድ ጊዜ ይህ በሽታ ሳይሆን አይቀርም። ብዙ ዓይነት ዘር አብሮ የሚዘራ አርሶ አደር ለምን እንዲያ እንደሚያደርግ መልሱ እዚህ አለ።

ሁለተኛው ፈተና ብርሃኑ ነው። በቤት ውስጥ የሚያመርተው ሰው መብራቱን 12 ሰዓት አብርቶ 12 ሰዓት በማጥፋት ተክሉን ወደ አበባ ይመራዋል፤ ሙቀቱን፣ እርጥበቱን፣ አየሩን ይቆጣጠራል። ምርቱ ዓመቱን ሙሉ አንድ ወጥ ይሆናል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 እንዳሰሉት በአሜሪካ በቤት ውስጥ አንድ ኪሎ የደረቀ አበባ ማምረት እንደ ሥፍራው ከ2,283 እስከ 5,184 ኪሎ ግራም የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ጋዝ ወደ አየር ይለቃል። ይህን ሁሉ ከፍሎ የሚገኘው መዓዛ ከፀሐይ ይበልጣል ወይ? በ2023 የአሜሪካው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአንድ እናት የተወሰዱ ቁራጮች በቤት ውስጥና በሜዳ ሲበቅሉ አነጻጽረው በፀሐይና በሕያው አፈር የበቀሉት ይበልጥ የተለያየ ተርፒን እንዳላቸው አገኙ። ሐምራዊው ቀለምም ብዙ ጊዜ በቀዝቃዛ ሌሊት ይደምቃል፤ ነገር ግን ቀለሙ ከመዓዛው የተለየ ውህድ ነው፤ ሐምራዊ የሆነ ሁሉ ላቬንደር አይሸትም።

ሆኖም ብዙው መዓዛ የሚጠፋው ከማሳ ከወጣ በኋላ ነው። ሊናሉልና ሊሞኒን ቀላልና ተናኝ ናቸው። በ1996 የታተመ የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አበባው ሲደርቅና ሲቀመጥ ቀድመው የሚሸሹት እነዚህ ቀላሎቹ መሆናቸውን አሳይቷል። በሞቃት አየር ተቻኩሎ የደረቀ አበባ የገለባ ሽታ ይዞ ይቀራል። የለመደ አምራች በጨለማና በቀዝቃዛ ክፍል ሰቅሎ ለአሥር ቀንም ለሁለት ሳምንትም በዝግታ ያደርቀዋል፤ ከዚያ በመስታወት ማሰሮ ከድኖ፣ በየጊዜው እየከፈተ እያናፈሰ ለሳምንታት ያበስለዋል። ቡና አጥቦ በአልጋ ላይ ያሰጣ፣ በቀትር ፀሐይ የሸፈነ፣ ማታ እንዳይጤዝ የሰበሰበ ገበሬ ይህን ሥራ ሳይነገረው ያውቀዋል። የሁለቱም መዓዛ የሚተርፈው በማይቸኩል እጅ ነው።

ገበያው የሚገዛው ምንድን ነው?

እንዲህ የተለፋበት መዓዛ መደርደሪያ ላይ ሲደርስ ዋጋውን የሚወስነው ብዙ ጊዜ አንድ ቁጥር ነው፤ የቲኤችሲ መቶኛ። በአሜሪካ በሕግ አስከባሪዎች የተያዙ ናሙናዎችን ለዓመታት የለካው ጥናት አማካዩ በ1995 4 በመቶ ገደማ የነበረው በ2014 ወደ 12 በመቶ መድረሱን አሳይቷል፤ ዛሬ በሕጋዊ መደብር 20 በመቶ የሚል መለያ ተራ ነገር ነው። መለያው ራሱም አይታመንም። በ2023 ከኮሎራዶ መደብሮች የተገዙ ናሙናዎች ተመርምረው 70 በመቶ ያህሉ ከተጻፈባቸው በ15 በመቶና ከዚያ በላይ ያነሰ ይዘት ተገኝቶባቸዋል። ቁጥሩ ዋጋ ስለሚያወጣ ቁጥሩን ከፍ የሚያደርግ ላቦራቶሪ ደንበኛ ያገኛል። አዳቃዩም ሙጫው ለቲኤችሲ እንዲሆን ይመርጣል፤ ጥቂቷ ሊናሉል በምርጫው ትረሳለች።

የሚያሳዝነው፣ ገዢው ራሱ የሚፈልገው ያ ቁጥር አለመሆኑን የሚጠቁም ማስረጃ መኖሩ ነው። በ2022 ከ270 በላይ በጎ ፈቃደኞች የተሳተፉበት ጥናት ሰዎች ከተጠቀሙት አበባ ያገኙትን እርካታ የተነበየው የመዓዛው ደስ ማሰኘት እንጂ የቲኤችሲው ብዛት አለመሆኑን አገኘ። በ2024 ደግሞ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች በ20 ሰዎች ላይ ባደረጉት ቁጥጥር ያለበት ሙከራ ሊሞኒን ከቲኤችሲ ጋር ሲሰጥ ቲኤችሲ የሚያመጣውን ጭንቀት እንደሚቀንስ አሳዩ። የሽታ ውህዶችና ቲኤችሲ ተባብረው ይሠራሉ የሚለው አሳብ ከእስራኤላዊው ሳይንቲስት ራፋኤል መኩላም ጀምሮ ሲነገር ቆይቷል፤ በ1964 ቲኤችሲን ከነቅርጹ ለይቶ ያወጣው ከባልደረባው ጋር እሱ ነው። አሳቡ ገና በሙሉ አልተረጋገጠም፤ ሻጮች በየመለያው ላይ «ሊናሉል ያረጋጋል» እያሉ መጻፋቸው ከማስረጃው ቀድመው መሮጣቸው ነው።

መልካም መዓዛ ደግሞ ጥንቃቄን ያስረሳል። በ2019 በላንሴት ሳይካያትሪ የታተመው የአውሮፓ ጥናት ቲኤችሲው 10 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ካናቢስ በየቀኑ የሚጠቀሙ ሰዎች ጨርሰው ከማይጠቀሙት ይልቅ በከባድ የአእምሮ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በአምስት እጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። የኬክና የአበባ ስም፣ የአበባ መዓዛ፣ 20 በመቶ ቲኤችሲ በአንድ ማሰሮ ሲገናኙ ለወጣት አእምሮ ምን እንደሚያስከትሉ ሳይናገሩ ስለ መዓዛ ብቻ መጻፍ ኃላፊነት የጎደለው ነው።

በአሜሪካ ላሉ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ የተደበቀ አደጋ አለ። በዋሽንግተን ዲሲ ከ2015 ጀምሮ ትንሽ መጠን መያዝ ሕጋዊ ነው፤ በኮሎራዶ መደብሮች የተከፈቱት በ2014 ነው። የፌዴራሉ ሕግ ግን አልተከተላቸውም። የአሜሪካ የዜግነትና ስደት አገልግሎት በ2019 ባወጣው መመሪያ በግዛቱ ሕጋዊ በሆነ የካናቢስ ሥራ መቀጠር እንኳ ዜግነት ለሚጠይቅ ሰው እንደ መልካም ጠባይ ጉድለት ሊቆጠር እንደሚችል አሳውቋል። ግሪን ካርድ ይዞ በዴንቨር መደብር ደሞዝ የሚያገኝ ወጣት በሕጋዊ ሥራው ምክንያት የዜግነት ጥያቄው ውድቅ ሊሆንበት ይችላል። ወላጆች ይህን ለልጆቻቸው ሊነግሯቸው ይገባል።

መዓዛን በወረቀት የያዘ ሰው

በ2015 የአሜሪካ የፓተንት ቢሮ ባዮቴክ ኢንስቲትዩት ለተባለ ድርጅት አንድ ፓተንት ሰጠ። የፓተንቱ ጥያቄ በአንድ ስም በተጠራ ዝርያ ላይ አልቆመም። ሲቢዲ የተባለው የማያሰክር የካናቢስ ንጥረ ነገር ከ3 በመቶ ያላነሰበትን፣ የተርፒን ዘይቱ ከ1 በመቶ ያላነሰውንና ማይርሲን ያልገነነበትን ድቅል ካናቢስ ይጠቀልላል። በቀላል አማርኛ፣ የምድር ሽታ ያልበዛበት፣ ለአበባና ለፍራፍሬ መዓዛ ቦታ የተተወበት አንድ የተክል ወገን በወረቀት ተያዘ። ያ መዓዛ ግን ከሂንዱ ኩሽ፣ ከሜክሲኮ፣ ከኮሎምቢያና ከሌሎችም አገሮች ማሳ የተለቀመ ነው። በእነዚያ አገሮች ያለው ገበሬ ዘሩን ሲመርጥ ፓተንት የሚባል ነገር አልሰማም፤ ተክሉንም በማብቀሉ በገዛ አገሩ እንደ ወንጀለኛ ሲታደን ኖሯል።

የሞሮኮን የሪፍ ተራሮች ተመልከቱ። እዚያ ቤልዲያ የሚባል ነባር ዝርያ በዝናብ ብቻ ይበቅል ነበር። ከውጭ የገቡት ድቅሎች ብዙ ቲኤችሲ ስለሚሰጡ ነጋዴ ፈለጋቸው፤ እነሱ ግን መስኖ ይጠይቃሉ። የተራራው ውኃ እየደረቀ፣ የቤልዲያ ዘር ደግሞ እየተደበላለቀ ሄደ፤ የወንዴ ተክል የአበባ ዱቄት በነፋስ ሩቅ ይጓዛልና አንድ ገበሬ ድቅል ሲዘራ የጎረቤቱ ዘር ይለወጣል። ሞሮኮ በ2021 ለመድኃኒትና ለኢንዱስትሪ የሚሆን ካናቢስ በሕግ ፈቀደች፤ በነሐሴ 2024 ንጉሥ ሞሐመድ 6ኛ በካናቢስ እርሻ ለተፈረደባቸው፣ ለተከሰሱና ለሚፈለጉ 4,831 ሰዎች ምሕረት አደረጉ። አሁን ቤልዲያ በሕጋዊ መንገድ እንደገና እየተዘራ ነው። ምሕረቱ ሰውን ነጻ አወጣ፤ የተደባለቀውን ዘር ግን ምንም ምሕረት አይመልሰውም፤ ሊያተርፈው የሚችለው ሳይደባለቅ በጎተራ የቀረ ካለ እሱ ብቻ ነው።

ይህን ታሪክ እኛ እናውቀዋለን። በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ከጌሻ አካባቢ የተለቀመ የቡና ዘር በታንዛኒያ በኩል አልፎ በ1953 ኮስታሪካ ደረሰ፤ ከዚያ ወደ ፓናማ። በ2004 የፓናማ ውድድር ዳኞችን ያስደነገጠው የጃስሚን መዓዛው ነበር፤ በ2025 ጨረታ አንዱ ኪሎ ከ30,000 ዶላር በላይ ተሸጧል። ያ ገንዘብ ለጌሻ ገበሬ አልደረሰም። ጤፋችንም በ2005 ከእኛ ጋር ውል በተፈራረመ አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ እጅ በአውሮፓ ፓተንት ተይዞ ነበር፤ የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ ዋጋ የለውም ያለው በ2018 መጨረሻ ላይ ነው። በአንጻሩ ቀድመን ስንነሣ እንደሚሳካልን አይተናል። ኢትዮጵያ የይርጋጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ስም በአሜሪካ ለማስመዝገብ ተሟግታ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደርሳለች።

ካሊፎርኒያም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ መንገድ ጀምራለች። በ2020 በወጣው ሕግ መሠረት አንድ ካናቢስ የትውልድ ቦታ ስያሜ የሚያገኘው በመሬት ላይ ተተክሎ፣ ያለ ግሪን ሃውስና ያለ ሰው ሠራሽ ብርሃን ከበቀለ ብቻ ነው። ለአንድ ሥፍራ መዓዛ ክብር የሚሰጥ፣ አነስተኛውን ገበሬ ከመጋዘን አምራች የሚለይ መልካም ሐሳብ ነው። ጉድለቱ ደግሞ ግልጽ ነው። በካሊፎርኒያ የሚገኘውን የሀምቦልትን ኮረብታ ይጠብቃል፤ ዘሩ የመጣበትን የአፍጋኒስታንን ተራራ ግን አያውቀውም። ስለዚህ የሥፍራ ስያሜ ብቻውን አይበቃም። በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የናጎያ ፕሮቶኮል የዘረመል ሀብት ተጠቃሚ ጥቅሙን ከምንጩ አገርና ማኅበረሰብ ጋር እንዲካፈል ያዛል። ካናቢስ ለአሥርት ዓመታት በወንጀል ሕግ ጥላ ሥር ስለቆየ ከዚህ ውይይት ውጪ ቀርቷል። አሁን ሕጋዊ ገበያ ሲሆን ሒሳቡም አብሮ ሊከፈት ይገባል። ፓተንት ጠያቂ የወላጅ ዘሩን ምንጭ እንዲገልጽ ይገደድ፤ ነባር ዝርያዎች በየአገራቸው የዘር ባንክና በየገበሬው ማሳ ተጠብቀው ይመዝገቡ፤ መለያ ጽሑፍም የዘሩን ታሪክና የተለካውን የሽታ ይዘት ከቲኤችሲው ቁጥር እኩል ያሳይ።

ለእኛ ደግሞ ሥራው ከካናቢስ ውጪ ነው። በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት የተቀበሉት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በባንክ ብቻ ሳይሆን በገበሬው እጅና ማሳ መጠበቅ እንዳለበት ዕድሜ ልካቸውን ሠርተውበታል። የኮረሪማችን፣ የበሶብላችን፣ የድንብላላችን፣ የጫካ ቡናችን መዓዛ ዛሬ የተመዘገበ፣ የተለካና ባለቤቱ የታወቀ ነው ወይ? ከምድጃ በላይ፣ ጭስ በሚያገኘው ጣሪያ ሥር የዘር በቆሎ አንጠልጥላ ለሚመጣው ክረምት የምታቆይ እናት የአንድ አዳቃይን ሥራ ትሠራለች። እሷ ለዘር የመረጠችው መዓዛ ነገ በሌላ ሰው ስም ታሽጎ ሲመጣ ለመደነቅ ከምንሰለፍ፣ ዛሬ ስሟን ከዘሩ ጎን እንጻፍላት።